ኢንፍሌሽን ወደቀ ወይስ ገና ፈተና ላይ ነው?

የአንድ አንባቢ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በ2014 እ.ኤ.አ. ሳይንቲስቶች ዩኒቨርስ ገና ሲጀመር በቅጽበት እንደተለጠጠ የሚያሳይ ማስረጃ ደቡብ ዋልታ ላይ አገኘን አሉ። ብዙም ሳይቆይ ያዩት አቧራ ነው ተባለ። ታዲያ ኢንፍሌሽን የሚባለው ነገር ውሸት ነው ማለት ነው? እውነት ከሆነስ ለምን በጄምስ ዌብ ወይም ከዚያ በሚበልጥ ቴሌስኮፕ ፍንዳታውን በቀጥታ አያዩትም? ደግሞስ ከብርሃን የሚፈጥን ነገር የለም እየተባለ ዩኒቨርስ እንዴት ከብርሃን ፈጥኖ ሰፋ?»

አልወደቀም። አልተረጋገጠምም። በ2014 የወደቀው የአንድ ልኬት ትርጓሜ ነው እንጂ ንድፈ ሐሳቡ አይደለም። ልኬቱ ራሱ ጥሩ ነበር፤ ያዩትን ነገር ነው በሌላ ስም የጠሩት። ወደዚያ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ጥያቄው ውስጥ ያሉትን ሁለት የተሳሳቱ ግምቶች እናንሳ፤ እነሱ ካልተነሱ የቀረው አይገባም።

አንደኛው «ፍንዳታ» የሚለው ቃል ነው። ቢግ ባንግን «ታላቁ ፍንዳታ» ብለን ስለተረጎምነው ብዙ ሰው ቦምብ ነው የሚታየው። ቦምብ መሃል አለው፣ ዳር አለው፣ ፍንጣሪው ባዶ ቦታ ላይ ይበተናል። ይሄ እንደዚያ አይደለም። የተለጠጠው ቦታው ራሱ ነው። እርስዎ አሁን የተቀመጡበትም፣ እጅግ ሩቅ ያለው ጋላክሲ የሚገኝበትም ያኔ እዚያው ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ «የት ጋ ፈነዳ?» ለሚለው መልሱ «ሁሉም ጋ» ነው።

የብርሃን ፍጥነት ጉዳይም ከዚሁ ይፈታል። ገደቡ የተጣለው በቦታ ውስጥ በሚጓዝ ነገር ላይ ነው። አንድ ነገር አጠገቡ የሚሄደውን ብርሃን ሊቀድም አይችልም። በሁለት ነገሮች መካከል ያለው ቦታ ሲለጠጥ ግን ማንም ማንንም አልቀደመም፤ ርቀታቸው ብቻ ጨመረ። ዛሬም ቢሆን በጣም ሩቅ ያሉ ጋላክሲዎች ከእኛ የሚርቁበት ፍጥነት ከብርሃን ይበልጣል። የአንስታይን ሕግም አልተጣሰም።

አሁን ወደ ኢንፍሌሽን። ቃሉን ስንሰማ ቀድሞ ትዝ የሚለን የዋጋ ግሽበት ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ጠባያቸውም ይመሳሰላል። ሁለቱም በእኩል ጊዜ ልዩነት እጥፍ፣ ከዚያ የእጥፍ እጥፍ እየሆኑ ይሄዳሉ። ስልክዎ ላይ ካልኩሌተር ከፍተው ይሞክሩት። ከ1 ሚሊሜትር ይነሱና በ2 ያባዙ። 10 ጊዜ ሲያባዙ 1 ሜትር አለፉ። 20 ጊዜ ሲሞላ 1 ኪሎ ሜትር አለፉ። 40ኛው ላይ ከ1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ነዎት። 87ኛው ላይ ሲደርሱ ያቺ 1 ሚሊሜትር ከ10 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ሆናለች። ኢንፍሌሽን የሚለው ዩኒቨርስ ቢያንስ ይህን ያህል ጊዜ እጥፍ ሆኗል ነው። ያውም ከነጥብ በኋላ ሠላሳ ምናምን ዜሮ በሚደረደርበት የሰከንድ ክፋይ ውስጥ። ከዚያ ልጠጣው ቆመ፤ ዩኒቨርስ በጋለ ቅንጣት ተሞላና እኛ የምናውቀው ረጋ ያለ መስፋፋት ቀጠለ።

ይህን ያህል ድፍረት ለምን አስፈለገ? ሁለት እንቆቅልሾች ነበሩ። አንዱን ብቻ ጠጋ ብለን እንየው። ወደ ሰማይ አንድ ጫፍ ቢመለከቱ ከዩኒቨርስ ሕፃንነት የተረፈ ደካማ የማይክሮዌቭ ጨረር ይመጣል። ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ በላይ 2.725 ዲግሪ ነው። ዞር ብለው ተቃራኒውን ጫፍ ቢለኩ፣ ያው 2.725 ነው። ልዩነቱ ከ100 ሺህ አንድ ያህል ብቻ ነው። ትኩስና ቀዝቃዛ ውሃ ሙቀታቸው እኩል የሚሆነው ሲቀላቀሉ ነው። እነዚህ ሁለት ጫፎች ግን በተለመደው የመስፋፋት ሒሳብ ጭራሽ ተገናኝተው አያውቁም። ብርሃን እንኳ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ጊዜ አልነበረውም። እንዲያውም ጨረሩ በተለቀቀበት ሰዓት፣ ዛሬ ሰማይ ላይ ከ2 ዲግሪ ገደማ በላይ የሚራራቁ ሁለት ነጥቦች የማይተዋወቁ ባዕዶች ነበሩ። 2 ዲግሪ ማለት ጨረቃን አራቴ ጎን ለጎን ብትደረድሯት ነው። ታዲያ ማን አስማማቸው? ሁሉም በአንድ ወቅት ጠባብ ቦታ ላይ አብረው ነበሩ፣ ከዚያ በድንገት ተለጠጡ ካልን ነገሩ ይፈታል። ሁለተኛው እንቆቅልሽ ዩኒቨርስ በትልቁ ሲታይ ለምን ዝርግ ሆነ የሚለው ነው። ዛሬ በ0.2 በመቶ ገደማ ጥንቃቄ ሲለካ ጉብታም ጎድጓዳም አልተገኘበትም። በጣም የተነፋ ነገር ከቅርብ ሲያዩት ዝርግ ይመስላልና ይሄም ይፈታል።

የሩሲያው አሌክሲ ስታሮቢንስኪ በ1980፣ የአሜሪካው አለን ጉት በ1981 ሐሳቡን በየፊናቸው አወጡት። የጉት የመጀመሪያ ንድፍ ግን ችግር ነበረበት፤ ልጠጣው አንዴ ከጀመረ በሥርዓት አይቆምም። ራሱ ጉትም ይህን አምኖ ጽፏል። በ1982 አንድሬ ሊንዴ፣ ከእሱ ተለይተው ደግሞ አንድሪያስ አልብሬክትና ፖል ስታይንሃርት አስተካከሉት። ስታይንሃርት የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ በኋላ ይመለሳል።

እዚህ ጋ ግን ሐቁን ልናገር። እነዚህን ሁለት እንቆቅልሾች መፍታት ማስረጃ አይደለም። ጥያቄው ቀድሞ የታወቀ ነው፤ መልሱ ለእሱ ተለክቶ የተሰፋ ነው። ልኩ ስለገጠመ ሰፊው ትንቢት ተናገረ አይባልም። ማስረጃ የሚባለው ማንም ሳይለካው ቀድሞ የተነገረ ነገር ሲሆን ነው። ኢንፍሌሽን እንዲህ ዓይነት ትንቢት አለው። ሰዉ ስለ 2014 ብቻ እያወራ የሚዘነጋው ይህን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኳንተም ዓለም ባዶ ቦታ እንኳ ፍጹም ጸጥ አይልም፤ ሁሌ ይንቀጠቀጣል። ንቅጥቅጡ በጣም ትንሽ ስለሆነ በተለመደው ጊዜ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ቦታው በኢንፍሌሽን ፍጥነት ሲለጠጥ ግን ንቅጥቅጡ የመጥፊያ ጊዜ አያገኝም። ተለጥጦ ይቀራል። አንዱ ጋ ትንሽ ወፈር ያለ፣ አንዱ ጋ ሳሳ ያለ ቁስ ይሆናል። ወፈር ያለው በስበት ሌላውን እየሳበ በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ጋላክሲ ይሆናል። ቪያቼስላቭ ሙካኖቭና ጌናዲ ቺቢሶቭ በ1981 ይህን ሲያሰሉ አንድ ጠለቅ ያለ ነገር አገኙ። ልጠጣው ወደ መጨረሻው እየደከመ ስለሚሄድ፣ በመጠን ትላልቆቹ ጉብታዎች ከትናንሾቹ ትንሽ ጎላ ማለት አለባቸው። ሁሉም እኩል ቢሆኑ መለኪያ ቁጥሩ 1 ይሆናል። ኢንፍሌሽን የሚለው ከ1 ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት ነው።

ያኔ ጉብታዎቹን ያየ ሰው አልነበረም። በ1992 ኮቢ የተባለችው ሳተላይት ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻቸው። ቀጥሎ ደብሊውማፕ አጠራችው። ከ2009 እስከ 2013 ሰማዩን የቃኘችው የአውሮፓ ሳተላይት ፕላንክ ደግሞ ቁጥሩን 0.965 አለችው፤ ስህተቱ 0.004። ከ1 በታች፣ ግን ትንሽ ብቻ። ከዚያ 30 ዓመት ቀደም ብሎ ወረቀት ላይ የተባለው ነገር ነው። እኔን ካሳመኑኝ ነገሮች ሁሉ ይሄ ቁጥር ይበልጣል። የደቡብ ዋልታው ታሪክ ጨርሶ ባይፈጠርም ኢንፍሌሽን በዚህ ብቻ ቆሞ ይሄዳል።

«ታዲያ ምን ቀረ?» ካሉ፣ የቀረው ቀጥተኛ የሆነ አሻራ ነው። የቁስ ጉብታዎችን በሌላ መንገድ ለማብራራት የሚሞክሩ ንድፈ ሐሳቦች አሉ። ኢንፍሌሽን ግን ቁስን ብቻ ሳይሆን ቦታን ራሱን ያንቀጠቅጣል። ያ ንቅጥቅጥ የስበት ሞገድ ይባላል። ከዚያ ዘመን የመጣ የስበት ሞገድ ቢገኝ ሌሎቹ ንድፈ ሐሳቦች አብዛኞቹ ይሰናበታሉ።

በቴሌስኮፕ በቀጥታ የማይታየው ዩኒቨርስ ለመጀመሪያዎቹ 380 ሺህ ዓመታት ጭጋግ ስለነበረ ነው። ኤሌክትሮኖች ነጻ ሆነው ይሯሯጡ ስለነበር ብርሃን ትንሽ ሄዶ ከአንዱ ጋር ይጋጫል። ጭጋጉ ሲገፈፍ የተለቀቀው ብርሃን ነው ዛሬ ማይክሮዌቭ ሆኖ የሚደርሰን። ጄምስ ዌብ ያያቸው እጅግ ጥንታዊ ጋላክሲዎች ከቢግ ባንግ በኋላ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የነበሩ ናቸው፤ ከጭጋጉ ብዙ ወዲህ። አሥር እጥፍ የሚበልጥ መስታወት ቢሠሩም ጭጋጉን አይሰነጥቀውም። ብርሃን አልወጣማ!

የስበት ሞገድ ግን ጭጋግ አያግደውም። እሱን በቀጥታ መያዝ ባንችልም በጭጋጉ የመጨረሻ ቆዳ ላይ ጭረት ትቶ አልፏል። ጭረቱ ያለው በብርሃኑ ፖላራይዜሽን ላይ ነው፤ ማለትም ብርሃኑ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚወዛወዝ። ፖላራይዝድ መነጽር ካለዎት አድርገው የስልክዎን ስክሪን እያዩ ስልኩን ያሽከርክሩት። ብዙ ስክሪኖች በአንድ ማዕዘን ላይ ይጨልማሉ። መሣሪያዎቹ ሰማዩ ላይ የሚያደርጉት በመሠረቱ ይሄንኑ ነው። የሚያገኙት ካርታ ሁለት ዓይነት ንድፍ አለው። አንዱ ኢ-ሞድ ይባላል፤ በመስታወት ቢያዩት አይለወጥም። የቁስ ጉብታ ይህንን ይሠራል፤ በ2002 ተገኝቷል። ሌላው ቢ-ሞድ ነው። እሱ የተጠማዘዘ ስለሆነ በመስታወት ሲያዩት ዙሩ ይገለበጣል። የቁስ ጉብታ በራሱ ይህን መሥራት አይችልም፤ የስበት ሞገድ ይችላል። ፍለጋው በሙሉ የዚህች ጥምዝ ፍለጋ ነው።

ባይሴፕ 2 የተባለው ቴሌስኮፕ ለዚህ የተሠራ ነበር። ትልቅ የሚመስላችሁ ካለ ትገረማላችሁ፤ የሌንሱ ስፋት 26 ሳንቲሜትር ነው፤ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይበልጥም። የሚፈለገው ጥምዝ ሰማይ ላይ ሁለት ዲግሪ ገደማ ስለሚሰፋ ትልቅ መስታወት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ጸጥታና ትዕግሥት ነው። ደቡብ ዋልታ ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ያለ፣ አየሩ እጅግ ደረቅ፣ ሌሊቱ ስድስት ወር የሆነ ቦታ ነው። ማይክሮዌቭን የሚውጠው የውሃ ተን እዚያ በጣም ጥቂት ነው። 512 መለኪያዎች ከፍጹም ዜሮ ሩብ ዲግሪ ብቻ ከፍ ብለው ቀዝቅዘው፣ ያንኑ አንድ የሰማይ ቁራጭ ከ2010 እስከ 2012 ሲቃኙ ኖሩ።

መጋቢት 17 ቀን 2014፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ ተገኘ ተባለ። የስበት ሞገዱ ከቁስ ጉብታው ጋር ያለው ንጽጽር 0.2 ነው አሉ። ይህ ቁጥር በሙያው «አር» ይባላል፤ ከዚህ በኋላ በ0 ነጥብ የሚጀምሩት ቁጥሮች የእሱ ናቸው። አንድ የቡድኑ አባል ሊንዴ ቤት ሄዶ በር ላይ ዜናውን ሲነግረው፣ ባለቤቱ ሬናታ ካሎሽ ስታቅፈው፣ ሻምፓኝ ሲከፈት የሚያሳይ ቪዲዮ ተለቀቀ። ያን ቀን ያላመነ ጥቂት ነው። እኔም አላመንኩም ብል ውሸት ነው።

ችግሩ ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ነበር። በእኛው ጋላክሲ ውስጥ የተበተነ ደቃቅ ትቢያ አለ። ቅንጣቶቹ ሞላላ ስለሆኑ በጋላክሲው ማግኔት መስክ አንድ ላይ ይሰለፋሉ፤ ተሰልፈውም ፖላራይዝድ የሆነ ማይክሮዌቭ ይለቃሉ። ይህ ጨረር ቢ-ሞድ አለው። ጥንታዊውን ብርሃን ከትቢያው የሚለየው ቀለሙ ነው፤ ትቢያው በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ እየበረታ ይሄዳል። ባይሴፕ 2 ደግሞ የለካው በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ነው፤ በ150 ጊጋኸርዝ። በአንድ ቀለም ብቻ እያዩ ቀለም መለየት አይቻልም። የትቢያውን መጠን ለመገመት ከተጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱም የፕላንክ ቡድን በአንድ ጉባኤ ካሳየው ስላይድ ላይ የተወሰደ ምስል ነበር። ፕላንክ እስከ 353 ጊጋኸርዝ ድረስ በፖላራይዜሽን ለክታ ነበርና ካርታው ሲወጣ ያ ቁራጭ ሰማይ ንጹሕ አለመሆኑ ታየ። ሁለቱ ቡድኖች ዳታቸውን አዋሕደው በ2015 መጀመሪያ ላይ ተናገሩ፤ ከትቢያው የሚተርፍ አስተማማኝ ነገር የለም፤ አር ከ0.12 በታች ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ልብ ይበሉ፤ ከ0.12 በታች ማለት ዜሮ ነው ማለት አይደለም። ይህን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። ያው ቡድን በተጨማሪ ፍሪኩዌንሲዎች ሥራውን ቀጥሎ በ2021 ወሰኑን ወደ 0.036 አወረደው። ይሄ ራሱ ትልቅ ውጤት ነው፤ ሻምፓኝ ስላልተከፈተበት ብቻ ነው ያልተወራለት። በርካታ ቀላልና ውብ የኢንፍሌሽን ሞዴሎች፣ ሊንዴ ራሱ በ1983 ካወጣቸው ውስጥም በጣም ቀላሉ፣ በዚህ ውጤት ከጨዋታ ወጥተዋል። የስታሮቢንስኪው የ1980 ሐሳብ ግን 0.003 አካባቢ ስለሚል ይህ ወሰን አልነካውም።

ሌላ የሚምታታ ነገር አለ፤ ቶሎ ልለፈው። ላይጎ የተባለው መሣሪያ በ2015 የያዘው የስበት ሞገድ ከሁለት ብላክ ሆሎች ግጭት የመጣ ነው። በ2023 ፐልሳር በሚባሉ በፍጥነት በሚሽከረከሩ የሞቱ ኮከቦች አማካይነት ተሰማ የተባለው ጉርምርምታም በዋናነት የሚጠረጠረው ከግዙፍ ብላክ ሆል ጥንዶች ነው። ሁለቱም የኢንፍሌሽን ማስረጃ አይደሉም።

አሁን ያሉት አማራጮች ሦስት ገደማ ናቸው። በምድር ላይ ደቡብ ዋልታ ያለው የባይሴፕ ተከታይ፣ እንዲሁም ቺሊ አታካማ በረሃ 5,200 ሜትር ላይ ያለው ሳይመንስ ኦብዘርቫቶሪ በብዙ ፍሪኩዌንሲ እየለኩ ነው። በህዋ ጃፓን የምትመራው ላይትበርድ የተባለች ሳተላይት ለ2030ዎቹ ታቅዳለች፤ ዓላማዋ ስህተቱን ከ0.001 በታች ማውረድ ነው። ከሁሉም ይልቅ እሷን ነው የምጠብቀው። ከመሬት የሚታየው በዲግሪ የሚለካው ጥምዝ ነው፤ ላይትበርድ ግን መላውን ሰማይ ስለምታይ በአሥር ዲግሪዎች የሚለካውንም ማየት ትችላለች። ሦስተኛው መንገድ ከብርሃን ፖላራይዜሽን ጋር አይገናኝም። በመጋቢት 2025 የመጠቀችው ስፌሬክስ ሰማዩን በ102 ቀለም እየቃኘች የጋላክሲዎችን አቀማመጥ ትመዘግባለች። የመጀመሪያዎቹ ጉብታዎች ፍጹም የዘፈቀደ ነበሩ ወይስ ትንሽ ዝንባሌ ነበራቸው የሚለውን ለማወቅ ነው። ዝንባሌ ከተገኘ ኢንፍሌሽንን ያንቀሳቀሰው ነገር አንድ ብቻ አልነበረም ማለት ሊሆን ይችላል።

ወሰኑን አልደብቅም። አር 0.0001 ቢሆን አሁን ከታቀዱት መሣሪያዎች አንዱም አያየውም፤ ኢንፍሌሽን ግን አሁንም እውነት ሊሆን ይችላል። ይሄ ነው ተቺዎቹን የሚያናድዳቸው። ስሙን ያዙልኝ ያልኳችሁ ስታይንሃርት ዛሬ ከዋነኞቹ ተቺዎች አንዱ ነው። «ምንም ቢለካ የሚስማማ ሞዴል የማያጣ ሐሳብ እንዴት ይፈተናል?» ባይ ነው። እሱ የሚደግፈው ዩኒቨርስ መጀመሪያ ተሸብሽቦ ከዚያ ነጥሮ ሰፋ የሚለውን ነው፤ ያ ሐሳብ ደግሞ የሚለካ የስበት ሞገድ አይጠብቅም። በእኔ ግምት ትችቱ ግማሽ እውነት አለው። የኢንፍሌሽን ቤተሰብ በጅምላ ሊወድቅ አይችልም፤ ሞዴሎቹ ግን አንድ በአንድ ሊወድቁ ይችላሉ፣ እየወደቁም ነው። የስታይንሃርትን ሐሳብ ግን አንድ አስተማማኝ ቢ-ሞድ ሊጥለው ይችላል።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ኢንፍሌሽንን ያለን ምርጥ ማብራሪያ አድርገው ይያዙት፤ የተረጋገጠ ታሪክ አድርገው ግን ለሌላ ሰው አያስተምሩ። ቀጣዩ «ተገኘ!» የሚል ዜና ሲመጣ ደግሞ ርዕሱን ትተው ሦስት ነገር ይፈልጉ። መጀመሪያ ስንት ፍሪኩዌንሲ እንደተለካ ይዩ፤ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነ ገጹን ዝጉት። ሁለተኛ፣ ሌላ ቡድን በሌላ መሣሪያ፣ ቢቻል በሌላ የሰማይ ክፍል አይቶታል ወይ? ሦስተኛ፣ ጋላክሲዎች በመንገድ ላይ ብርሃኑን በስበታቸው እያጎበጡ ኢ-ሞድን ወደ ቢ-ሞድ እንደሚቀይሩ ከ2013 ጀምሮ በልኬት ይታወቃል፤ እሱ ተቀንሷል ወይ? ሦስቱም ካልተሟሉ የዜናው ርዕስ ምንም ያህል ቢጮህ ለጊዜው «ምናልባት» ብለው ይለፉት። «ከዚህ ቁጥር በታች ነው» የሚል ዜና ሲመጣ ደግሞ «አልተገኘም» ብለው አይለፉት፤ ቁጥሩን ከስታሮቢንስኪው 0.003 አጠገብ ያስቀምጡትና ምን ያህል እንደቀረ ይዩ።